ጥርጣሬ ማደሪያ አይሆንም

መጠርጠር በራሱ ነውር አይደለም። ወደ ልጁ አፍ ወይም ወደ ልጁ ክንድ ስለሚገባ ነገር «ይህ ምንድን ነው? ማን ሠራው? ከየትስ መጣ?» ብሎ መጠየቅ ለአባትና ለእናት መብት ብቻ ሳይሆን አላህ (ሱ.ወ.) የጣለባቸው አማና ነው። ይሁንና ጥያቄም ወግ አለው። የሚጠይቅ ሰው መልስ ሊሰጥ የሚችለውን ፈልጎ ይሄዳል፤ መልሱ ሲመጣ ያዳምጣል፤ ካሳመነው ይቀበላል፤ ካላሳመነውም ለምን እንዳላሳመነው ይናገራል። መልስ ሊሰጥ ወደማይችል ሰው የሚወረወር፣ መልስ ሲመጣም የማይዘጋ ጥያቄ ግን ጥያቄነቱ ይቀርና ወሬ ይሆናል። ጥርጣሬ ወደ እውነት ለመድረስ የሚያልፉበት መንገድ ነው፤ ቤት ሠርተው ሊኖሩበት አይቻልም።

በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ወቅት ስለ ክትባት የተደረገውን ክርክር በዚህ ሚዛን ብንመዝነው ብዙ የሚያስወቅስ ነገር እናገኝበታለን። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ሰዉ በሁለት ወገን ተከፍሎ ነበር። አንደኛው ወገን ክትባቱ ሁሉ ሴራ ነው ይላል፤ ማስረጃ ሲጠየቅ ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ የቆየ የድምፅ መልእክት ያሰማል። ሁለተኛው ወገን የጠየቀውን ሁሉ መሃይም ይላል፤ ምን ተጠይቀህ ምን መለስክ ሲባል ግን «ሳይንስ ተናግሯል» ከማለት አያልፍም። በሽታው በይፋ በተመዘገበው ብቻ ከ7 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው ፈጀ። የዓለም ጤና ድርጅት በሜይ 2023 ዓለም አቀፉ የአስቸኳይ ጊዜ ሁኔታ ማብቃቱን ሲያስታውቅ ክርክሩም አብሮ ጸጥ አለ። ጸጥ አለ እንጂ አልተፈታም። ማን ምን እንደ ጠየቀ፣ ምን መልስ እንዳገኘ፣ ማን ማንን እንዳሳመነ ሳይታወቅ ሁሉም ወደየቤቱ ገባ። ሌላ ወረርሽኝ የመጣ ዕለት፣ አላህ ይጠብቀንና፣ ክርክሩ ካቆመበት ይቀጥላል ማለት ነው። ስለዚህ ሰው ሳይጯጯህ መነጋገር በሚችልበት በዚህ ጊዜ ነገሩን አንስቶ መመርመሩ የተሻለ ነው።

ካኖ ለምን እምቢ አለች?

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነውና ከኮቪድ በፊት ወደ ሆነ አንድ ታሪክ እንመለስ። ሰዎች ክትባትን ስለ መቃወም ሲጽፉ የሰሜን ናይጄሪያዋን ካኖ ደጋግመው ያነሳሉ። የሚያነሷት ግን በአንድ ዐረፍተ ነገር ነው። በ2003 የካኖ ሙስሊሞች የሃይማኖት መሪዎቻቸውን ሰምተው የልጅነት ልምሻ (የፖሊዮ) ክትባትን እምቢ አሉ፣ በሽታውም ተስፋፋ ይሉና ያልፋሉ። የተባለው ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ግማሽ ነው።

ሌላው ግማሽ የሚጀምረው በ1996 ነው። በዚያ ዓመት በናይጄሪያ የተነሳው የማጅራት ገትር ወረርሽኝ ከ10 ሺህ በላይ ሰው ገደለ፤ ካኖም ክፉኛ ተመታች። ሆስፒታሉ በታመሙ ሕፃናት ተጨናንቆ ሳለ ፋይዘር የተባለው የአሜሪካ የመድኃኒት ኩባንያ ትሮቫን የሚባል አዲስ መድኃኒት ይዞ መጣና በ200 ሕፃናት ላይ ሙከራ አካሄደ። ግማሾቹ ትሮቫንን፣ ግማሾቹ ቀድሞ የሚታወቅ ሌላ መድኃኒት ወሰዱ። ከሁለቱም ወገን በጠቅላላ 11 ሕፃናት ሞቱ፤ ከተረፉትም አካለ ስንኩል ሆነው የቀሩ ነበሩ። ኩባንያው ሕፃናቱን የገደላቸው በሽታው ነው፣ የወላጆችም ፈቃድ በቃል ተጠይቋል አለ። ቤተሰቦች በበኩላቸው ልጆቻችን መሞከሪያ መሆናቸውን የነገረን የለም አሉ። ጉዳዩን በ2000 መጨረሻ ዋሽንግተን ፖስት የተባለው ጋዜጣ ይፋ አወጣው፤ ክሱ ለዓመታት ተጓተተ፤ በመጨረሻም ኩባንያው ጥፋተኛነቱን ሳያምን በ2009 ለካኖ ክፍለ ግዛት 75 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

በ2003 በር እያንኳኩ «ለልጆቻችሁ ጠብታ አምጥተናል፤ በነፃ ነው» ያሉት ሰዎች የመጡት እንግዲህ ይህ ቁስል ሳይሽር ነው። ብዙ ወላጆች የጠየቁትም ቀላል ጥያቄ ነበር። ለወባና ለኩፍኝ ጤና ጣቢያ ስንሄድ መድኃኒት የለም እንባላለን፤ ያልጠየቅነው ጠብታ ግን ቤታችን ድረስ በነፃ ይመጣል፤ ለምን? ዓመቱ ደግሞ ኢራቅ የተወረረችበት ነበር። የናይጄሪያ የሸሪዓ ጠቅላይ ምክር ቤትን ይመሩ የነበሩት ዳቲ አሕመድ ክትባቱ የሚያመክን ነገር ተጨምሮበታል ብለው ሲናገሩ ሰሚ ያገኙት በዚህ ሁሉ ምክንያት ነው። እኚህ ሰው ራሳቸው ሐኪም ነበሩና ነገሩን በመሃይምነት ብቻ ማሳበብ አይቻልም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። የካኖ ሰው እባቡን በእርግጥ አይቶታል። ስህተቱ ልጡንም እባብ ነው ማለቱ ላይ ነው።

ታዲያ ክርክሩ በምን ተፈታ? በስድብ አልተፈታም፤ በኃይልም አልተፈታም። የመርማሪ ቡድኖች ተቋቋሙ፤ የሃይማኖት መሪዎች ያሉበት ልዑክም ክትባቱ ውጭ አገር ሲመረመር እንዲያይ ተላከ። ካኖ ደግሞ ክትባቱ ከሙስሊም አገር ይምጣልን፣ ያን ጊዜ እንቀበላለን አለች። በኢንዶኔዥያ ባንዱንግ ከተማ ያለው ባዮፋርማ የተባለ ፋብሪካ የሚያመርተው ክትባት ተመረጠ። በጁላይ 2004 ካኖ በሯን ከፈተች።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ፍርዳችንን እናስተካክል። ካኖዎች የተናገሩት ስለ መካንነት ሐሰት ነበር። ሆኖም በኮቪድ ጊዜ ከተከራከሩት የሚበልጡበት አንድ ነገር አለ። ምን ቢደረግላቸው እንደሚያምኑ ተናግረዋል፤ የጠየቁት ሲደረግም ጥርጣሬያቸውን ዘግተዋል። በኮቪድ ክርክር «ይህ ምርመራ ቢደረግ፣ ይህ ሰነድ ቢቀርብ እቀበላለሁ» ያለ ተከራካሪ ስንት ነበር? አንዱ መልስ ሲሰጥ ሌላ ጥርጣሬ ይመዘዛል፤ ለሁለተኛው መልስ ሲገኝ ሦስተኛው ይመጣል። እንዲህ ያለው ሰው የሚፈልገው መልስ እንዳልሆነ ግልጽ ነው።

ካኖዎች የከሸፉት በሌላ ነገር ነው። መፍትሔው ቀላል ሆኖ ሳለ 11 ወር ያህል ፈጀ። ለዚህ ተጠያቂው አንድ ወገን ብቻ አይደለም። የባንዱንጉ ፋብሪካ በ11ኛው ወር የተገኘ አዲስ ነገር አልነበረም፤ ቀድሞም ነበር። የክትባቱ ባለቤቶች የወላጆቹን ጥያቄ እንደ ጥያቄ ቢቀበሉት ኖሮ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሊያልቅ ይችል ነበር። ጠያቂዎቹም ቅድመ ሁኔታቸውን በመጀመሪያው ቀን መናገር ይችሉ ነበር።

ቫይረሱ ክርክሩ እስኪያልቅ አልጠበቀም

በእነዚያ 11 ወራት የሆነውን ቁጥር ይናገራል። በናይጄሪያ በ2003 በልምሻ የተያዙት 355 ነበሩ። በ2004 ቁጥሩ 782 ደረሰ። የልጅነት ልምሻ ከያዛቸው 200 ሰዎች በግምት አንዱን ብቻ ነው ሽባ የሚያደርገው፤ ስለዚህ ከእያንዳንዱ ሽባ ከሆነ ሕፃን ጀርባ ሳይታወቅባቸው ቫይረሱን የሚያዛምቱ ሌሎች ብዙዎች አሉ። ቫይረሱ ፓስፖርት አይጠየቅም። ከሰሜን ናይጄሪያ ተነስቶ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከበሽታው ነፃ ወደ ነበሩ 20 ያህል አገሮች ገባ።

ከነዚያ አገሮች አንዷ የእኛዋ ኢትዮጵያ ናት። ከ2001 መጀመሪያ ወዲህ በአገራችን የልጅነት ልምሻ አልታየም ነበር። በ2004 መጨረሻ ቫይረሱ በሱዳን በኩል ተመልሶ ገባ፤ በ2005 ብቻ 22 ሰዎች ሽባ ሆኑ። የመን በዚያው ዓመት 478 ተመዘገበባት። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን የኢንዶኔዥያው ነው። ኢንዶኔዥያ ከ1995 ጀምሮ ከበሽታው ነፃ ነበረች። በ2005 በምዕራብ ጃቫ፣ ሱካቡሚ በሚባል ወረዳ አንድ ሕፃን ሽባ ሆነ፤ ቫይረሱ ሲመረመር የዘር ሐረጉ ከናይጄሪያ ሆኖ ተገኘ። ባንዱንግም በዚያው በምዕራብ ጃቫ ውስጥ ናት። ካኖ «እምነታችንን የምንጥልባት ሙስሊም አገር» ብላ ክትባት ከተቀበለችባት ምድር፣ ካኖ ስትከራከር የተስፋፋው ቫይረስ የሙስሊም ሕፃናትን እግር ወሰደ። በኢንዶኔዥያ የተጎዱት ከ300 በልጠዋል።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ነገር በደንብ ልንመለከተው ይገባል። ክትባትን እምቢ ያለ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያስበው ስለ ራሱ ቤት የወሰነ መስሎት ነው። «ልጄ ነው፤ መብቴ ነው» ይላል። በተላላፊ በሽታ ጉዳይ ግን የአንዱ ቤት ውሳኔ በሌላው ቤት ደጃፍ ይደርሳል። ሸሪዓችን ራስን መጉዳትንም ሌላውን መጉዳትንም ይከለክላል። የካኖው አባት የሱካቡሚን ሕፃን ሊጎዳ አላሰበም፤ ስሟንም ሰምቶ አያውቅ ይሆናል። ሳይፈታ የተቀመጠ ጥርጣሬ ክፋቱ ይኸው ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለው የተጠራጠረው ሰው ላይሆን ይችላል።

ጠርጣሪውን መሳደብ መልስ አይሆንም

ይህን ስንል ግን የክትባት ጠበቆችን ነፃ ማውጣታችን አይደለም። እንዲያውም ወቀሳው የሚከብደው በእነሱ ላይ ነው፤ ዕውቀቱም፣ ገንዘቡም፣ ድምፅ ማጉያውም በእጃቸው ነበርና።

በ2011 የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ኦሳማ ቢን ላደንን ፍለጋ በፓኪስታኗ አቦታባድ የሐሰት የጉበት በሽታ ክትባት ዘመቻ በአንድ ሐኪም አማካይነት አስደርጓል። ይህ ወሬ አይደለም፤ የአሜሪካ መንግሥት ራሱ በ2014 ከእንግዲህ የስለላ ድርጅቱ የክትባት ዘመቻን ለሥራው እንደማይጠቀም አስታውቋል። ይህ ቃል የተሰጠው ግን ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው። ከ2012 መጨረሻ ጀምሮ በፓኪስታን የልምሻ ክትባት ሠራተኞች በጥይት ተገድለዋል፤ ቤት ለቤት የሚዞሩ ድሃ ሴቶችም ይገኙባቸዋል። ሠራተኞቹን የገደለ በአላህ ፊት ተጠያቂ ነው። ነገር ግን ነጩን የሐኪም ጋውን ለስለላ ያለበሰውም ከታሪክ ወቀሳ አያመልጥም።

በኮቪድም ጊዜ ተመሳሳይ ነገር አይተናል። በኤፕሪል 2020 ሁለት የፈረንሳይ ሐኪሞች በቴሌቪዥን ቀርበው የአንድ ክትባት ሙከራ በአፍሪካ ቢደረግ ምን ይመስላችኋል ተባባሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ንግግሩን በይፋ ዘረኛ ብለው ቢያወግዙትም ነገሩ በአህጉሩ ሁሉ ተሰራጭቶ ነበር። ክትባት ከሚያመርቱት ኩባንያዎች ቀዳሚው ደግሞ ፋይዘር ሆነ፤ ለካኖ ሰው ይህ ስም አዲስ አልነበረም። በማርች 2021 ወደ ኢትዮጵያ 2.2 ሚሊዮን ያህል የአስትራዜኔካ ክትባት ገብቶ መሰጠት ሲጀምር፣ በዚያው ሰሞን ጀርመንና ፈረንሳይን የመሳሰሉ አገሮች የደም መርጋት ታይቷል በማለት ይህንኑ ክትባት ለጊዜው አቆሙ። የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ከጥቂት ቀናት በኋላ ጥቅሙ ከጉዳቱ ይበልጣል አለ። እውነቱም ይኸው ነበር፤ የደም መርጋቱ እጅግ ጥቂት ሰው ላይ የሚደርስ ነው። ነገር ግን ያን ሳምንት «ለነሱ ያልሆነ ለእኛ እንዴት ይሆናል?» ብሎ የጠየቀ ሰው ምኑ ላይ ነው መሃይምነቱ? የሚገባው መልስ «አዎን፣ እንዲህ ያለ ጉዳት አለ፤ መጠኑ ይህን ያህል ነው፤ በሽታው ራሱ የሚያደርሰው ደግሞ ይህን ያህል ነው» የሚል ነበር። የተሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ «ክትባቱ ምንም ጉዳት የለውም» የሚል ሆነ። «ምንም» የተባለው ሰው አንድ ጉዳት በጆሮው የገባ ዕለት የቀረውንም እውነት አያምንም።

የልጅነት ልምሻው ጠብታም ላይ እንዲሁ ነው። ጠብታው የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ነው። ብዙ ሰው ባልተከተበበት አካባቢ ከልጅ ወደ ልጅ እየተላለፈ ለረጅም ጊዜ ከዞረ ተለውጦ እንደገና ሽባ ሊያደርግ የሚችል ይሆናል። በኢትዮጵያም ከ2019 ጀምሮ እንዲህ ያለው ተዛማች ቫይረስ ታይቷል። መድኃኒቱ ክትባቱን መተው ሳይሆን ሁሉም ልጅ እንዲከተብ ማድረግ ነው፤ ቫይረሱ መዞሪያ የሚያገኘው ባልተከተቡት ልጆች ነውና። ይህን ለእናቶች አስቀድሞ መንገር ያስፈራቸዋል ተብሎ ይተዋል። ከጎረቤት ሲሰሙት ግን የበለጠ ይፈራሉ፤ መደበቁንም የተንኮል ምልክት ያደርጉታል።

ደግሞስ እምቢ ያለ ሁሉ ስለ ሴራ አስቦ ነው ያለው ማነው? ጎረቤታችን ሶማሊያ፣ መርካ ከተማ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ወጥ ቤት ይሠራ የነበረ ዓሊ ማኦ ማዓሊን የሚባል ወጣት በኦክቶበር 1977 ፈንጣጣ ያዘው። በዓለም ላይ በተፈጥሮ መንገድ ፈንጣጣ የያዘው የመጨረሻው ሰው እሱ ነው። ያልተከተበው መርፌው ያማል ብሎ ፈርቶ እንደ ነበር ራሱ ተናግሯል። አላህ አሽሮት ዳነ። በኋለኛ ዘመኑ እየዞረ ወላጆች ልጆቻቸውን ለልምሻ ክትባት እንዲያቀርቡ ሲያስረዳ ኖረ፤ በጁላይ 2013 በዚሁ ሥራ ላይ ሳለ በወባ ሞተ። ይህ ሰው በወጣትነቱ መሃይም ተብሎ ተሰድቦ ቢባረር ኖሮ ያን ሁሉ እናት ማን ያሳምን ነበር?

ኢስናድ የሌለው ወሬ

አሁን ፊታችንን ወደ ራሳችን እናዙር። የነብዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ቃል እንኳ ከመቀበሉ በፊት «ማን ነገረህ? እሱስ ከማን ሰማ? ሰውየው እውነተኛ ነውን? አእምሮውስ የሚይዝ ነውን?» እያለ ሰንሰለቱን አንድ በአንድ የመረመረ ኡማ ነን። ይህን ዕውቀት ለማደራጀት ዑለማኦቻችን ዕድሜያቸውን ጨርሰዋል፤ አንዲት ሐዲስ ለማጣራት አገር አቋርጠዋል። የእነዚህ ሰዎች ልጆች ሆነን ሳለ በኮቪድ ጊዜ ተናጋሪው የማይታወቅ፣ ቀኑ የማይታወቅ፣ ከየት እንደ ተነሳ የማይታወቅ ድምፅ ከስልካችን ወደ ዘመድ ስልክ ስናስተላልፍ ኢስናዱን የጠየቀ ስንቱ ነው? ክትባቱ ውስጥ መቆጣጠሪያ አለ፣ ሴቱን ያመክናል፣ ወንዱን ያደክማል የሚለው ወሬ በዚህ መንገድ ከመስጂድ በር ደርሷል።

በሱረቱል ሑጁራት ውስጥ የመጣልንን ወሬ እንድናጣራ የታዘዝነው ባለማወቅ ሰዎችን ጎድተን ኋላ እንዳንጸጸት ነው። በሱረቱ ኒሳእ ደግሞ የሚያስፈራ ወይም የሚያረጋጋ ወሬ ሲደርሰን ከመበተናችን በፊት ነገሩን መርምረው ፍሬውን ሊያወጡ ወደሚችሉ ሰዎች እንድናደርስ ተመርተናል። ማጣራት ማለት ታዲያ ዝም ብሎ መጠራጠር አይደለም። ማጣራት እግር ያለው ሥራ ነው፤ ተነስቶ መሄድን፣ ባለሙያ መጠየቅን፣ መልስ ይዞ መመለስን ይጠይቃል። ብዙዎቻችን የትእዛዙን የመጀመሪያ ግማሽ ይዘን ሁለተኛውን ትተነዋል።

ከሐላልና ሐራም አንጻር የተነሳውም ጥያቄ ተገቢ ጥያቄ ነበር። ነገር ግን ወደ ሐጅ የሚጓዝ ሙስሊም የማጅራት ገትር ክትባት ሳይወስድ ሳዑዲ ዓረቢያ እንደማይገባ ከታወቀ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። በ2021 ሐጅ ያደረጉት 60 ሺህ ነዋሪዎችም የኮቪድ ክትባት የወሰዱ መሆን ነበረባቸው። ክንዱን ለሐጅ የሰጠ ሰው ክትባት በጠቅላላው ሐራም ነው ሊል አይችልም፤ ሊጠይቅ የሚችለው ስለዚህኛው ክትባት ይዘት ነው። ይህንን ጥያቄ ደግሞ ዑለማእ መልሰውታል። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ የፈትዋ ምክር ቤት በዲሴምበር 2020 የኮቪድ ክትባት ከአሳማ የተገኘ ጄላቲን ቢኖርበት እንኳ ሌላ አማራጭ እስከሌለ ድረስ መውሰዱ እንደሚፈቀድ አስታውቆ ነበር።

መልሱ መኖሩ ብቻ ግን አይበቃም፤ መቼ እንደ መጣ ወሳኝነት አለው። ለዚህ ኢንዶኔዥያን እንደገና እንመልከት። በኦገስት 2018 ከጃቫ ደሴት ውጭ የኩፍኝና የሩቤላ ክትባት ዘመቻ ተከፈተ። ሐላል መሆን አለመሆኑ ግን ቀድሞ አልተጣራም ነበር። የአገሪቱ የዑለማእ ምክር ቤት ፈትዋውን የሰጠው ዘመቻው ከተጀመረ በኋላ ነው፤ በክትባቱ አሠራር ከአሳማ የተገኘ ነገር ገብቶበታል፣ ሆኖም ሌላ ስለሌለና በሽታው ከባድ ስለሆነ በደሩራ መጠቀም ይፈቀዳል አለ። ሕዝቡ የሰማው የመጀመሪያውን ግማሽ ነበር። በአቼህ ለዘመቻው በተያዘው ጊዜ የተከተቡት ልጆች ከአሥር አንድ እንኳ አልሞሉም። በዚያው በአቼህ ክትባትን መሸሹ ወደ ሌሎቹም ክትባቶች ተዛምቶ ቆይቶ በኖቬምበር 2022 አንድ ልጅ በልጅነት ልምሻ ተይዞ ተገኘ።

በኮቪድ ጊዜ ግን ያው ምክር ቤት ሌላ መንገድ ተከተለ። የሲኖቫክ ክትባት አገር ከመግባቱ በፊት በኦክቶበር 2020 መርማሪዎቹ ወደ ቻይና ሄደው ፋብሪካውን አዩ። በጃንዋሪ 2021 ክትባቱ ሐላል ነው ተባለ፤ ከቀናት በኋላ መሰጠት ተጀመረ። በማርች ደግሞ አስትራዜኔካን በተመለከተ በአሠራሩ ከአሳማ የተገኘ ነገር ተጠቅሟል፣ ነገር ግን በአስቸኳይ ሁኔታው ይፈቀዳል ሲል፣ ኩባንያው በበኩሉ ከአሳማ የተገኘ ነገር የለበትም ብሎ ተከራከረ። ልዩነት ነበር ማለት ነው። ሆኖም ጥያቄው በባለቤቶቹ ዘንድ፣ በአደባባይና በጊዜው ስለተመረመረ ልዩነቱ ሰዉን ከክትባት አላስቀረውም። ሕዝቡ ያው፣ ምክር ቤቱም ያው ነው። በ2018ና በ2021 መካከል የተለየው የጥያቄው ሰዓት ነው።

የሰርግ ምክክር

ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ ሊሆንብን ባልተገባ ነበር። በ18ኛው ዓመተ ሂጅራ አካባቢ ኸሊፋ ዑመር (ረ.ዐ.) ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ ከሚባል ቦታ ሲደርሱ በሻም ወረርሽኝ መግባቱ ተነገራቸው። ሙሃጅሮችን ጠርተው አማከሩ፤ ተለያዩ። አንሷሮችን ጠሩ፤ እነሱም ተለያዩ። የቁረይሽ ሽማግሌዎችን ጠሩ፤ እነሱ እንመለስ አሉ። ዑመር ወሰኑ። ታላቁ ሶሐባ አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ.) ከአላህ ቀደር መሸሽ አይሆንምን ብለው ተቃወሙ። ዑመር ተቃውሞውን አልናቁትም፤ በምሳሌ አስረድተው መለሱ። ኋላም ዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ (ረ.ዐ.) መጥተው ጉዳዩን የሚመለከት ሐዲስ ከነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስማታቸውን ሲናገሩ ነገሩ ተዘጋ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ጥያቄም አለ፣ የሐሳብ ልዩነትም አለ፣ ጠንካራ ተቃውሞም አለ። ግን ጥያቄው ለሚመለከታቸው ቀረበ፤ የተቃወመው ሰው መልስ አገኘ፤ ዕውቀት ያለው ሲመጣ ተሰማ፤ ውሳኔውም ሳይውል ሳያድር ተፈጸመ። በእኛ ዘመን በወራትና በዓመታት ያልተፈታው በዚያ ጊዜ በአጭር ምክክር አለቀ።

እንግዲህ ወደፊት የክትባት ዘመቻ ሲመጣ ለጠርጣሪው ወገናችን የምንለው ይህ ነው። ጠይቅ። ግን ማንን እንደምትጠይቅ አስቀድመህ ለይ፤ ምን መልስ ብታገኝ እንደምትቀበልም ለራስህ ወስን፤ መልሱን ይዘህ እስክትመለስ ወሬውን ለጎረቤት አታድል። ጎረቤትህም ልጆች አሉት።

ለጤና ባለሥልጣኖችና ለዘመቻ መሪዎችም የምንለው አለ። ብዙ ጊዜ ዑለማእን የምትጠሯቸው ክትባቱ መጋዘን ከገባ፣ ቀኑ ከተቆረጠ በኋላ በኹጥባ አዋጅ ነጋሪ እንዲሆኑላችሁ ነው። ያን ጊዜ መጠየቅ አይችሉም፤ ማስነገር ብቻ ነው የቀረላቸው። ቀድማችሁ ጥሯቸው። ክትባቱ የት እንደ ተሠራ፣ ምን እንዳለበት፣ የታወቀ ጉዳቱ ምን ያህል እንደ ሆነ ግለጹላቸው። ከእነሱ ውስጥ የሚጠይቅ ሲነሳ ደስ ይበላችሁ፤ ዛሬ በአዳራሽ ያልተጠየቀ ጥያቄ ነገ በየደጃፉ ይጠየቃልና።

በ2005 በአገራችን ሽባ ከሆኑት መካከል የነበሩት ሕፃናት ዛሬ በሕይወት ካሉ የሃያ ዓመት ወጣቶች ሆነዋል። እናቶቻቸው ስለ ትሮቫን አልሰሙም፤ በካኖ ስለ ነበረው ክርክርም ማንም አላማከራቸውም። ክርክሩ ግን እግራቸው ላይ አለቀ። በክትባት ጉዳይ አፋችንን ስንከፍት፣ ደጋፊም እንሁን ተቃዋሚ፣ እነዚህን ልጆች እናስታውሳቸው።

ወላሁ አዕለም።